ኡቡንቱ የቻይና አይደለም

ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ስጭን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ "ይሄ ደሞ የቻይና ነው?" ሱቃችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ ስር ነው፣ ግማሹ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን፣ ግማሹ ጥገና፣ እና ወደኔ የሚመጣው ማሽን አብዛኛው ራሙ ሁለት ጊጋ የሆነ፣ ቻርጀሩ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ዊንዶውስ 10 በግድ ተጭኖበት እስኪነሳ ድረስ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው የሚቀርብ አይነት ነው። እንዲህ አይነቱን ለባለቤቱ አስረድቼ ሌላ ነገር እጭንለታለሁ፣ ስሙን ስነግረው ነው እንግዲህ ጥያቄው የሚመጣው። የጃፓን የሚመስለው አለ፣ የመኪና ስም የሚመስለው አለ፣ አንድ ጋሼ ደግሞ "ከስሙ ጀምሮ ኡኡ የሚያስብል ነገር ነው እንዴ?" ብለው ሱቁን በሳቅ ሞሉት። ዛሬ መብራት የለም፣ ደንበኛም የለም፣ ባትሪዬ እስካለ ድረስ ስለዚህ ስም የማውቀውን ልጻፈው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እየቀነሳችሁ አንብቡ።)

ቃሉ የራሳችን አህጉር ነው። የደቡብ አፍሪካ ዙሉዎችና ኮሳዎች የሚናገሩት ነው። ኡሙንቱ ሰው ማለት ነው፣ አባንቱ ሰዎች፣ ኡቡንቱ ደግሞ ሰው መሆን። ትምህርት ቤት "የባንቱ ቋንቋዎች" ሲባል የሰማነው ባንቱም የመጣው ከዚሁ ነው። ወደ አማርኛ ስታመጣው ግን ያስቸግራል፣ ሰው ላይ "ነት" ብትቀጥልበት "ሰውነት" ይሆንና ስለ ጂም የምታወራ ይመስላል፣ "ሰብዓዊነት" ካልክ ደግሞ የእርዳታ ድርጅት ታፔላ ይሆንብሃል። የሚቀርበው ሰፈር ውስጥ ስለ አንድ ሰው "እሱ እኮ ሰው ነው" የምንለው ነገር ይመስለኛል። ዙሉዎቹ አብረው የሚሉት አባባል አላቸው፣ "ኡሙንቱ ንጉሙንቱ ንጋባንቱ"፣ ሰው ሰው የሚሆነው በሰዎች ነው እንደማለት። ብቻህን ሆነህ ሰው መሆን አትችልም ነው ነገሩ፣ ሰው የሚያደርጉህ ሌሎቹ ናቸው።

ባይዘዌይ አጠራሩን በተመለከተ፣ ከተማ ውስጥ ኮሌጅ ምናምን የተማሩ ልጆች "ዩባንቱ" ሲሉ እሰማለሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስላዩት ነው። ኧረ ተዉ። በፊደላችን ኡ-ቡ-ን-ቱ ብለህ ስትጽፈው ዙሉዎቹ ከሚሉት ጋር ቁጭ ነው የሚለው፣ ፈረንጆቹ ናቸው ስለ አነባበቡ መመሪያ የሚያስፈልጋቸው።

እና ቃሉ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቀልድ አይደለም። አፓርታይድ ሲያበቃ የተጻፈው የ1993ቱ የሽግግር ሕገ መንግሥት መጨረሻው ላይ በስሙ ጠርቶታል፣ በቀል ሳይሆን መግባባት፣ ማጥቃት ሳይሆን ኡቡንቱ ያስፈልገናል ይላል በግርድፉ። በ1995 የሞት ቅጣትን የሻረው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው ውሳኔም ውስጥ ዳኞቹ ኡቡንቱን እየጠቀሱ ነው የተከራከሩት። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ስለ እርቅ ሲሰብኩ ከአፋቸው የማይለይ ቃል ነበር። እንግዲህ ይሄን የሚያክል ቃል ነው አንድ ሰውዬ አንስቶ ኮምፒውተር ላይ የለጠፈው።

ሰውዬው ማርክ ሻትልወርዝ ነው፣ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊ፣ በ1973 ዌልኮም የምትባል የወርቅ ማዕድን ከተማ የተወለደ። በ1995 ቤተሰቦቹ ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ቶውት የሚባል የኢንተርኔት ሴኩሪቲ ካምፓኒ ጀመረ፣ በ1999 መጨረሻ ለቬሪሳይን በ575 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ያን ብር ይዞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ በ2002 በራሺያ ሶዩዝ ወደ ህዋ ሄደ፣ ከፍሎ፣ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኖ። ሲመለስ ምን እንደሚሰራ ሲያስብ የቀድሞ ቤቱ ዴቢያን (ፕሮግራመሮች በጋራ የሚሰሩት ነፃ ሲስተም፣ ኋላ ኡቡንቱ የወጣበት) ትዝ አለው፣ ምክንያቱም በዘጠናዎቹ የዴቢያን ዴቨሎፐር ነበር። በ2004 መጀመሪያ በበረዶ ሰባሪ መርከብ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ የዴቢያን ሰዎች እርስ በርስ የተጻጻፉትን የስድስት ወር ክምር ይዞ ሄደ፣ ማን ጎበዝ እንደሆነ አንብቦ ለመምረጥ። እኔ አንታርክቲካ ብሄድ ይሄን አላነብም ነበር፣ ግን ሰራለት፣ የመረጣቸውን ሰዎች ሰብስቦ ካኖኒካል የሚባለውን ካምፓኒ ጀመረ። ስም ስላልነበረው መጀመሪያ ላይ የተጠቀሙት የድረ ገጽ አድራሻ "ኖ ኔም የት ዶት ኮም" ነበር፣ እስካሁን ስም የለውም ማለት ነው፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስም ነው ኡቡንቱ፣ እና የመጀመሪያው እትም ጥቅምት 2004 ላይ 4.10 ተብሎ ወጣ። ቁጥሩ ዓመቱና ወሩ ነው፣ 2004 አስረኛ ወር፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። 24.04 ማለትም 2024 ኤፕሪል ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር አዲስ ፊቸር ቆጥረው የሰጡት ይመስለዋል።

ሁለተኛ ስምም አለው፣ የእንስሳ ስም፣ እሱ ደግሞ በጨዋታ የመጣ ነው። ሻትልወርዝ እንደተናገረው ሲድኒ ጀልባ ላይ ሮበርት ኮሊንስ ከሚባል ዴቨሎፐር ጋር እያወሩ ነበር፣ የመጀመሪያውን መቼ እናውጣ ሲባባሉ ቢበዛ ስድስት ወር ተባለ፣ ኮሊንስ ስድስት ወር እኮ ለማሳመር አይበቃም ሲለው ሻትልወርዝ እንግዲያውስ ኪንታሮታሙ ከርከሮ ብለን እንጥራዋ አለ። በቃ ከዚያ ወዲህ ሁሉም እትም አንድ ቅጽልና አንድ እንስሳ አለው፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ። ከርከሮ፣ ጃርት፣ ዳክዬ፣ ከዚያ እያለ ጥቅምት 2008 ላይ የወጣው 8.10 አይቤክስ ነው። የኛ ዋልያ የአይቤክስ ወገን ስለሆነ ያንን እትም ሱቅ ውስጥ "ዋልያ" ነው የምንለው፣ ማንም አልፈቀደልንም። ጭላዳ (በእንግሊዝኛ ጌላዳ) እስካሁን አልተመረጠም፣ ጂ ፊደል በ2007 ሲደርስ ለጊቦን ጦጣ ሰጡት፣ ቅሬታዬን መዝግቡልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ይሄ ስም የተሳካ ነው የምለው አፍሪካዊ ስለሆነ አይደለም፣ ቆንጆ ስለሆነም አይደለም። ሶፍትዌሩ ራሱ ስሙን ስለሚኖረው ነው። ሰው ሰው የሚሆነው በሰዎች ከሆነ፣ ኡቡንቱም ኡቡንቱ የሆነው በሌሎች ነው። ውስጡን ብትፈታው ሻትልወርዝ የጻፈው የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም የሌላ ሰው ስራ ነው፣ እና የእያንዳንዱ ሰው ስራ የራሱ የስም ታሪክ አለው።

ከርነሉን ውሰዱት፣ የሲስተሙን እምብርት፣ ሊኑክስን። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሆኖ ሲጀምረው ስሙን "ፍሪክስ" ሊለው ነበር ያሰበው፣ ፍሪ የሚለውንና ፍሪክ የሚለውን አዳቅሎ መጨረሻው ላይ እንደ ዩኒክስ (የድሮ ታዋቂ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው) ክስ ጨምሮበት። ሊኑክስ የሚለውም መጥቶለት ነበር ግን በራሴ ስም መጥራት ጉራ ይሆንብኛል ብሎ ተወው። ፋይሉን ሰርቨር ላይ እንዲያስቀምጥለት የሰጠው አሪ ለምከ የሚባለው ልጅ ግን ፍሪክስ የሚለውን አልወደደውም፣ ሳይጠይቀው ፎልደሩን "ሊኑክስ" ብሎ ከፈተው። አለቀ። ዛሬ ዓለም ላይ ያለ አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጡ ያለው ከርነል ስሙን ያገኘው አንድ ሰው ፎልደር ስም ስለቀየረ ነው። እንዲያውም በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንድ ምንም ያልሰራ ሰውዬ በ1994 ስሙን የንግድ ምልክቱ ለማድረግ አመልክቶ ከፍላችሁ ተጠቀሙ ማለት ጀምሮ ነበር፣ ተከራክረው በ1997 ለሊነስ ተመለሰለት።

ከከርነሉ ጋር የሚሰሩት ብዙዎቹ ዕቃዎች የግኑ ናቸው፣ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ያወጀው ፕሮጀክት። የስሙ ትርጉም "ግኑ ዩኒክስ አይደለም" ነው፣ ግኑ ምንድነው ስትል አሁንም "ግኑ ዩኒክስ አይደለም"፣ እንደዚህ ስትሽከረከር ትኖራለህ፣ የፕሮግራመር ቀልድ ነው በቃ። አርማቸው ላይ ያለው ቀንዳም እንስሳ ሴሬንጌቲ ላይ በመንጋ የሚሰደደው የአፍሪካ አውሬ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ ስሙ ይሄው ነው።

እኔ የምወደው ግን የዴቢያንን ነው። ኢያን መርዶክ የሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነሐሴ 1993 ላይ ሲያሳውቀው የሴት ጓደኛውን ስም ከራሱ ጋር ገጣጠመው፣ ዴብራ እና ኢያን፣ ዴብ-ኢያን። በኋላ ተጋቡ፣ ከዚያ ደግሞ ተፋቱ፣ እሱም በ2015 መጨረሻ በ42 ዓመቱ አረፈ። ስሙ ግን ቀረ። ኡቡንቱ ላይ ጎግል ክሮም ልትጭን ስትል የምታወርደው ፋይል መጨረሻው ላይ ነጥብ ዴብ ይላል፣ ያቺ ዴብ ዴብራ ናት። ፍቅራቸው ቢያልቅም እዚህ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥታ በየቀኑ ስሟን እጽፋለሁ።

የኡቡንቱ ፕሮግራሞች ከዴቢያን ነው የሚመጡት ስል እንዲሁ አፌ ላይ መጥቶልኝ አይደለም፣ ማሽናችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና ኢቲሲ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ዴቢያን ቨርዥን የሚለውን ፋይል አንብቡት፣ "ትሪክሲ ስላሽ ሲድ" ይላችኋል። ትሪክሲም ሲድም የዴቢያን እትሞች ስም ናቸው፣ ሲድ ያልተረጋጋው፣ ገና እየተሰራ ያለው ነው። ማለትም ኡቡንቱ ኪሱ ሲፈተሽ የዴቢያን መታወቂያ ይዞ ይገኛል። የብዙ ፕሮግራሞችን የቨርዥን ቁጥር ብታዩም መጀመሪያ የዴቢያኑ ቁጥር አለ፣ ከኋላው "ኡቡንቱ 1" የምትል ጭማሪ ትቀጥላለች፣ የካኖኒካል ሰዎች የነኩት ያቺን ያህል ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው የዴቢያን ልጆች "ኡቡንቱ ማለት በጥንት አፍሪካ ቋንቋ ዴቢያንን ማስተካከል አቃተኝ ማለት ነው" እያሉ ሲያሾፉ የኖሩት። ከቀልዱ ውጪም ቅሬታቸው የምር ነበር፣ ከኛ ወስደው ስም የሚያገኙት እነሱ ናቸው፣ የሚመልሱት ደግሞ ትንሽ ነው የሚል። እኔ ሁለቱንም ወገን ይገባኛል ባይ ነኝ ግን እውነት ለመናገር ዴቢያን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ይሄን ስራ አልሰራም ነበር፣ ምክንያቱም በዛን ጊዜ የዴቢያን ኢንስቶለር ሰው ያስለቅስ ነበር።

እና ሲዲዎቹ። በሚሊኒየማችን አካባቢ የአጎቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እያለ ሺፕኢት የሚባል ነገር ሰማ፣ አድራሻህን ከሞላህ ካኖኒካል የኡቡንቱ ሲዲ በነፃ ይልክልሃል፣ የፖስታውንም ጭምር እሱ ከፍሎ። ማንም አላመነውም፣ ነፃ ነገር ከውጭ? የአባቱን ፖስታ ሳጥን ቁጥር ሰጠ፣ ከሳምንታት በኋላ ከዋናው ፖስታ ቤት የካርቶን ፖስታ ይዞ መጣ፣ ውስጡ በወረቀት ማቀፊያ የገቡ ሲዲዎችና ስቲከር። 7.10 ነበር። በዛን ጊዜ ሰባት መቶ ሜጋ ዳውንሎድ ማድረግ ህልም ነው፣ ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብለህ ኢሜይል እስኪከፍት ፀሎት የምታደርግበት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ሲዲው ነበር ኢንተርኔታችን። አንዱን ለኔ ሰጠኝ፣ እኔ ገልብጬ ለጎረቤት ልጅ፣ እሱ ትምህርት ቤት ወሰደው፣ ክራክ የለ፣ ሲሪያል ነምበር የለ፣ ስርቆት የለበትም፣ ገልብጡ ነው ያሉት። ሺፕኢት በ2011 ተዘጋ፣ ወጪው ከብዶ ይመስለኛል፣ ኢንተርኔቱም እየተሻሻለ ነበር።

በድሮዎቹ ሲዲዎች አንድ ፎልደር ውስጥ የማንዴላ አጭር ቪዲዮ ነበረች፣ ጋዜጠኛው ኡቡንቱ ምንድነው ብሎ ሲጠይቃቸው። ድሮ መንገደኛ መንደር ሲደርስ ምግብም ውሃም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፣ ቆም ካለ ሰዉ ራሱ አምጥቶ ይሰጠዋል ይላሉ በግርድፉ። ያኔ ሳየው ያሰብኩት የኛን የእግዜር እንግዳ ነው፣ የኛው ግን በር ላይ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ አሳድሩኝ" ማለት አለበት፣ ቤት ለእንግዳ የሚባለው ከዛ በኋላ ነው። የማንዴላው አንድ እርምጃ ይቀድማል፣ አያስጠይቅም። (ኮንዶሚኒየም ላይ አራተኛ ፎቅ ወጥታችሁ ሁለቱንም ሞክሯቸው፣ ውጤቱን ንገሩኝ።) ከዚያ የሚጨምሩት ነው ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው፣ ኡቡንቱ ማለት ሰው ራሱን አያበልጽግ ማለት አይደለም፣ ጥያቄው የምትበለጽገው በዙሪያህ ያለው ማህበረሰብ እንዲሻሻል ነው ወይ የሚለው ነው ይላሉ። ይሄን ንግግር በ575 ሚሊዮን ዶላር ካምፓኒውን የሸጠ ሰውዬ ሲዲው ላይ አድርጎ በነፃ ሲያድለው እኔ ብልጥ ነው አልኩ፣ ግን ደግሞ ራሱን ለመመዘኛ አቀረበ ማለት ነው፣ በዚህ ስም ተጠርተህ ስታጠፋ ሁሉም ሰው ስሙን ነው የሚጠቅስብህ።

አጠፋም። በ2012 የወጣው 12.10 ላይ የራስህን ፋይል ፍለጋ ስትጽፍ የጻፍከው ቃል ወደ ካኖኒካል ሰርቨር ሄዶ የአማዞን ዕቃ ማስታወቂያ ይዞ ይመለስ ነበር። ማመልከቻዬ የት ገባ ብለህ ስትፈልግ ጫማ ግዛ ይልሃል። ስቶልማን ስፓይዌር ነው ብሎ በግልጽ አወገዘው፣ ሰዉም ይሄ ነው ወይ ኡቡንቱ ማለት ብሎ ተንጫጫ፣ 16.04 ላይ ካልፈቀድክ በስተቀር እንዳይሰራ አደረጉት። ዊንዶውስ ተመሳሳይ ነገር ሲሰራ "ዊንዶውስ መስኮት ማለት ነው፣ በመስኮት ያዩናል" ብሎ የተቆጣ አላየሁም። ከባድ ስም እንዲህ ነው የሚያስከፍለው።

ሌላ የሚያስቀኝ ነገር አለ። በኡቡንቱ ውስጥ ያለውን ኮድ አብዛኛውን መቅዳት፣ መቀየር፣ መሸጥ ትችላለህ፣ ስሙን ግን አትችልም። ኡቡንቱ የካኖኒካል የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው፣ ቀይረህ በራስህ ልታወጣው ከፈለግክ ስሙን አንሳና ሌላ ስም ስጠው ነው የሚሉት። ሊኑክስ ሚንት ከኡቡንቱ ነው የሚሰራው፣ ግን የራሱን ስም ይዞ ነው የሚዞረው። ይገባኛል፣ አንዱ ቫይረስ ጨምሮ ኡቡንቱ ነው ብሎ እንዳያታልል ነው፣ ግን የዙሉ አያቶች ሲያወርሱት የኖሩት ቃል ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ባለቤቱ አንድ ካምፓኒ መሆኑ ትንሽ ይቆረቁረኛል። የሚቆረቁረኝ ብቻ ነው፣ መጠቀሜን አልተውኩም።

ልትጭኑ ካሰባችሁ ስሞቹ እንዳያምታቷችሁ፣ የመጀመሪያው ፊደል የመልኩን አይነት ነው የሚናገረው። ኩቡንቱ ኬዲኢ የሚባለውን ነው የሚጠቀመው፣ ዙቡንቱ ኤክስኤፍሲኢን፣ ሉቡንቱ ደግሞ ድሮ ኤልኤክስዲኢ አሁን ኤልኤክስኪውቲ የሚባለውን፣ ኤዱቡንቱ ለትምህርት ቤት ነው። ውስጣቸው አንድ ነው። ሁለት ጊጋ ራም ያለው ማሽን ይዛችሁ ዋናውን ኡቡንቱ አትሞክሩት፣ ሉቡንቱን ውሰዱ። አማርኛ ለመጻፍ ኪቦርዱን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መጨመር ነው፣ አብሮት አለ፣ ክራክ የተደረገ ፓወር ግዕዝ ፍለጋ ፍላሽ ይዛችሁ አትንከራተቱ። የድሮ የፓወር ግዕዝ ፋይል ያላችሁ ግን ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ተበታትኖ ነው የሚከፈትላችሁ፣ ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ግድ ነው። ባለፈው አንዲት የእቁብ ጸሐፊ የዓመታት መዝገቧን እንደዛ ይዛ መጥታ አብረን ቁጭ ብለን አስተካክለንላት ሄዳለች።

ደንበኞቼ ግን ኡቡንቱም ሉቡንቱም አይሉትም፣ "ያንን ነፃውን ዊንዶውስ ጫንልኝ" ነው የሚሉት፣ እኔም እሺ ብዬ እጭናለሁ።